አንድ ዘፈን፣ አምስት ቅጂ፦ የቆዩ የሂፕ ሆፕ ሪሚክስ ሸክላዎችን ስለመሰብሰብ

ብላክ ሙን የተባለው የብሩክሊን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ውስጥ «አይ ጋት ቻ ኦፕን» የሚል ዘፈን አለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አልበሙን የገዛ ሰው የሚያገኘው ጠቆር ያለና ሻካራ ቅንብር ነው። የሂፕ ሆፕ ወዳጆች በቃላቸው የሚያውቁት ግን በ1994 በነጠላ ሸክላ የወጣውን ሪሚክስ፣ ማለትም እንደገና የተቀናበረውን ቅጂ ነው። የቡድኑ አቀናባሪዎች ቢትማይነርዝ ከባሪ ዋይት የፍቅር ዘፈን ቆርጠው የወሰዱትን ለስላሳ ዜማ ከከባድ ከበሮ ጋር አጋቡት፤ ዘፈኑም ሌላ ዘፈን ሆነ። ያንን ሪሚክስ ብሎ አልበሙን የገዛ ሰው ቢገለብጠው ቢያገላብጠው አያገኘውም።

የሪሚክስ ሸክላ መሰብሰብ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ስም ያለው ዘፈን አራትና አምስት ቅጂ ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ ቅጂ ደግሞ የሚገኘው በተወሰነ ሕትመት ላይ ነው። ዘፈኑን መውደድ መነሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሸክላውን ማንበብ መቻል ያስፈልጋል። መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት (ሌብሉን)፣ ከወረቀቱ ዙሪያ የተጫረውን ቁጥር፣ ገጹ ላይ ያለውን ጭረት ማንበብ ማለታችን ነው።

ለምን 12 ኢንች ሆነ?

በእኛ አገር የሸክላ ነጠላ ዜማ ሲባል የሚታወሰው በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በአምሃ፣ በካይፋ እና በፊሊፕስ ስም ይታተም የነበረው ትንሹ ባለ 7 ኢንች ነው። በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል፤ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን ይይዛል። የሂፕ ሆፑ ነጠላ ሸክላ ግን እንደ አልበም 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ይህን ያህል ቦታ ለአንድ ዘፈን መስጠት ብክነት ይመስላል፤ ምክንያቱ ያለው በድምፁ አሠራር ውስጥ ነው።

ሸክላ ላይ ድምፅ የሚቀመጠው በቀጭን ቦይ ግድግዳዎች ላይ ነው። መርፌው ቦዩን ተከትሎ ሲሄድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ያ ውዝዋዜ ድምፅ ይሆናል። ቤዝና ከበሮ ከሌላው ድምፅ ሁሉ የበለጠ ሰፊ ውዝዋዜ ይፈልጋሉ። በአንድ ፊት 20 ደቂቃ የሚይዝ አልበም ላይ ቦዮቹ ተጠጋግተው ስለሚቆረጡ፣ አንዱ ከሌላው እንዳይጋጭ ድምፁን ዝቅ፣ ቤዙንም ቀነስ ማድረግ ግድ ይላል። በአንድ ፊት ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ብቻ ሲኖር ግን ቦዮቹ ይራራቃሉ፤ ቆራጩ ባለሙያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቤዙን ሳይቆጥብ መቁረጥ ይችላል። በጭፈራ ቤት ትልቅ ድምፅ ማጉያ ላይ ልዩነቱ ደረት ላይ ይሰማል።

ነገሩ የተገኘው በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒው ዮርክ ውስጥ በአጋጣሚ ነበር። ቶም ሞልተን የተባለ የዲስኮ ቀማሪ (የተቀዱ ድምፆችን አመጣጥኖ የሚያዋህድ ባለሙያ) ለሙከራ የሚቆረጥበት ባለ 7 ኢንች ባዶ ሰሌዳ ሲያልቅበት፣ ቆራጩ ሆሴ ሮድሪገስ በ10 ኢንች ሰሌዳ ቆረጠለት፤ የተረፈውን ቦታ ለመሙላት ቦዮቹን አራርቆ ድምፁን ከፍ ሲያደርገው ልዩነቱ ግልጽ ሆነ። በ1976 ሳልሶል የተባለው አሳታሚ የደብል ኤክስፖዠርን «ቴን ፐርሰንት» በዋልተር ጊበንስ ቅመራ በ12 ኢንች ለገበያ አቀረበ፤ ለሕዝብ የተሸጠ የመጀመሪያው ባለ 12 ኢንች ነጠላ ዜማ የሚባለውም እሱ ነው። ሂፕ ሆፕ ወደ ሸክላ ሲገባ ይህን ቅርጽ ተዘጋጅቶ አገኘው፤ ሹገርሂል ጋንግ በ1979 ያወጡት ዘፈን በ12 ኢንች ሙሉ ቅጂው ከ14 ደቂቃ በላይ ነው።

ፍጥነቱም ይታይ። የአሜሪካ ነጠላ ሸክላዎች አብዛኞቹ በደቂቃ 33⅓፣ የእንግሊዞቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ 45 ይዞራሉ። በ33⅓ ሲዞር መርፌው ጠርዝ ላይ በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቦይ ያልፋል፤ ወደ መሃል ሲጠጋ ወደ 21 ይወርዳል። በ45 ከ69 ወደ 28 ነው። ቦዩ በቀስታ ሲያልፍ ቀጫጭኑ ድምፅ (ጸናጽል፣ «ስ» እና «ሽ») እዚያው ትንሽ ቦታ ላይ ይጨናነቃል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ፊት መጨረሻ ላይ ያለው ዘፈን ሸካራ ድምፅ ቢያወጣ ሸክላው ተበላሽቷል ብለው አይቸኩሉ።

ሪሚክሱ እንዴት ይወለዳል?

አሳታሚው የራፐሩን ድምፅ ብቻውን፣ ያለ ሙዚቃ፣ ለሌላ አቀናባሪ ይሰጣል። አቀናባሪው ከበሮውን፣ ቤዙንና ዜማውን ከባዶ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜ ከቆየ የጃዝ ወይም የሶል ሸክላ ላይ ቆርጦ በመውሰድ። ይህ ቆርጦ የመውሰድ ዘዴ ሳምፕል ይባላል፤ ናስ እና ዴሚያን ማርሊ በ2010 «አዝ ዊ ኢንተር» ላይ የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» የተጠቀሙት በዚሁ መንገድ ነው። አሳታሚው ሪሚክሱን የሚያሠራው ዘፈኑን ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ራዲዮና ወደ ጭፈራ ቤት ለመግፋት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ለማስታወቂያ የታሰበው ቅጂ ዋናውን በልጦት ይቀራል።

የፐብሊክ ኢነሚን «ሸት ኤም ዳውን» ፒት ሮክ በ1991 እንደገና ሲሠራው የሆነው ይህ ነው። የአልበሙ ቅንብር ቁጡና ጠንካራ ነው፤ ፒት ሮክ ጡሩምባ ጨመረበት፣ ከበሮውን አወፈረው፣ አካሄዱንም ወደሚያወዛውዝ ምት ለወጠው። የናስ «ዘ ወርልድ ኢዝ ዩርስ» ዋናው የፒት ሮክ ሥራ ሲሆን፣ በ1994 ነጠላ ሸክላው ላይ ግን የኪው ቲፕ ሪሚክስም አለ፤ ሌብሉ ላይ «ቲፕ ሚክስ» ተብሎ ተጽፏል። የፉጂዎች «ናፒ ሄድስ» በመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ዘፈን ነበር፤ ሳላም ረሚ በ1994 የሠራው ሪሚክስ ነው ቡድኑን ለሰው ጆሮ ያደረሰው።

ሌላው ዓይነት ሪሚክስ እንግዶችን ይጠራል። የክሬግ ማክ «ፍሌቫ ኢን ያ ኢር» በ1994 ሪሚክስ ሲደረግ ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ.፣ ራምፔጅ፣ ኤል ኤል ኩል ጄ እና በስታ ራይምስ አዲስ ግጥም ይዘው ገቡበት። ከውጭ የሚመጣ ሪሚክስም አለ። በ1987 ኮልድከት የተባሉት የለንደን ሰዎች የኤሪክ ቢ እና ራኪምን «ፔይድ ኢን ፉል» ወደ ሰባት ደቂቃ ዘርግተው፣ በመሃሉ የኦፍራ ሃዛን ድምፅ አስገቡበት፤ የመን ከነበሩ አይሁዳውያን ቤተሰብ የተወለደችው ይህች እስራኤላዊት የዘፈነችው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ባለቅኔ ሻሎም ሻባዚ የጻፈውን ግጥም ነው። የኒው ዮርክ ራፕና የየመን ቅኔ በአንድ ሸክላ ላይ የተገናኙት ሪሚክስ በሚባለው ሥራ ምክንያት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለሚታተሙ ነጠላ ሸክላዎች አሳታሚዎች የራሳቸውን ሪሚክስ ማሠራት ያዘወትሩ ስለነበር፣ የአሜሪካውን ሸክላ ያየ ሰው የእንግሊዙንም ሳያይ «ሁሉንም ይዣለሁ» ማለት አይችልም።

ከእነዚህ ሪሚክሶች ብዙዎቹ ዛሬ በስልክ መተግበሪያ ላይ አይገኙም። በታኅሣሥ 1991 የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ራፐር ቢዝ ማርኪ ያለ ፈቃድ በተጠቀመው ሳምፕል ላይ ከወሰነ ወዲህ፣ የእያንዳንዱ ሳምፕል ፈቃድ በስምምነትና በገንዘብ የሚገኝ ሆነ። የራፕ ቡድኑ የዴ ላ ሶል የቀድሞ አልበሞች በመተግበሪያ ላይ የወጡት እንኳ በመጋቢት 2023 ነው። ለአንድ ነጠላ ሸክላ ብሎ ለተሠራ ሪሚክስ ማንም ያን ያህል አይደክምም፤ ስለዚህ ቅጂው ሸክላው ላይ ብቻ ይቀራል። ሰብሳቢ የሚደክምበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው።

ሌብሉ ላይ የተጻፈው ምን ማለት ነው?

ቃላቱ ጥቂት ናቸው፤ ግን ገዢን የሚያሳስቱት እነሱ ናቸው። «ኤል ፒ ቨርዥን» ማለት አልበሙ ላይ ያለው ራሱ ነው። «ሜይን» ወይም «ስትሪት» ስድቡ ያልተቆረጠበት ሲሆን፣ «ክሊን» ወይም «ራዲዮ ኤዲት» ደግሞ ስድቡ የተቆረጠበት፣ አንዳንዴም ያጠረው ነው። «ኢንስትሩሜንታል» ሙዚቃው ብቻ፣ «አካፔላ» የራፐሩ ድምፅ ብቻ ነው። «ቲቪ ትራክ» ግጥሙ ወጥቶ አዝማቹ የቀረበት ሙዚቃ ነው፤ ራፐሩ በቴሌቪዥን መድረክ ላይ በላዩ እንዲዘፍንበት የሚዘጋጅ። «ቦነስ ቢትስ» ለዲጄ የተተወ ተጨማሪ ከበሮ ነው።

ስህተት የሚመጣው እንዲህ ነው። ሻጩ «ሪሚክስ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌብሉ ላይ ግን «ሪሚክስ – ክሊን» ብቻ ይኖራል፣ ስድቡም ተቆርጦ ሲደርስዎ ይናደዳሉ። ወይም ለአንድ ዘፈን ሁለት የተለያዩ ነጠላ ሸክላዎች ወጥተው፣ አንደኛው የአልበሙን ቅጂ፣ ሁለተኛው ከወራት በኋላ ሪሚክሱን ይዞ ይሆናል፤ ሽፋናቸው ደግሞ ሊመሳሰል ይችላል። ከመክፈልዎ በፊት የሁለቱንም ፊት ሌብል ፎቶ ይጠይቁ፤ በሌብሉ ላይ የአቀናባሪውን ስም ይፈልጉ። የሪሚክስ አቀናባሪው ስም ካልተጻፈ ጥርጣሬ ይግባዎት። ደቂቃውም ይረዳል፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ቅጂዎች ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ይለያያሉ።

ቀጥሎ የሚነበበው ቦታ የዘፈኑ ቦይ አልቆ ወረቀቱ ከመጀመሩ በፊት ያለው ጥቁር ባዶ ቀለበት ነው። መብራት ስር ሸክላውን ዘንበል ሲያደርጉት በእጅ የተጫሩ ወይም በማኅተም የታተሙ ፊደላትና ቁጥሮች ይወጣሉ። የሌብሉ ቁጥር እዚያ ተደግሞ፣ ከጎኑ «ኤ» ወይም «ቢ» ይጻፋል። ከዚህ ሌላ የቆራጩ ምልክት አለ፦ «ስተርሊንግ»፣ «ማስተርዲስክ»፣ «ፍራንክፎርድ ዌይን» የኒው ዮርክ አካባቢ ሂፕ ሆፕ ከሚቆረጥባቸው ቤቶች መካከል ነበሩ። ኸርብ ፓወርስ የተባለው ቆራጭ ከስሙ ጎን የሚስቅ ፊት ይስል ነበር፤ በማስተርዲስክ ይሠራ የነበረው ቶኒ ዶውሲም ስሙን ይተዋል። እነዚህ ምልክቶች ሸክላው በባለሙያ እጅ መቆረጡን ያሳያሉ፤ ሐሰተኛ ቅጂ የሚያትም ሰው ብዙ ጊዜ የማያስመስላቸውም እነዚህን ነው። ሌብሎቹ ተቀያይረው የተለጠፉበት ሸክላም ስለሚያጋጥም፣ ሪሚክሱ የትኛው ፊት ላይ እንዳለ እርግጡን የሚናገረው ይኸው ቀለበት ነው።

ፕሮሞ፣ ነጭ ሌብልና ሐሰተኛ ቅጂ

አሳታሚዎች ነጠላ ሸክላውን ለገበያ ከማቅረባቸው በፊት ለራዲዮ ጣቢያዎችና ለዲጄዎች ማኅበራት በነጻ ይልኩ ነበር፤ ፕሮሞ የሚባለው ይህ ነው። ሌብሉ ላይ «ለማስተዋወቂያ ብቻ» የሚል ጽሑፍ፣ ሽፋኑ ላይም አንዳንዴ ወርቃማ ማኅተም ይኖራል፤ ሽፋኑ መሃሉ ክብ ተቆርጦ ሌብሉን የሚያሳይ ሥዕል አልባ ካርቶን ይሆናል። አንዳንድ ሪሚክሶች ከፕሮሞ አልፈው ገበያ አልወጡም፤ እነሱን ፈልጎ ማግኘት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ፕሮሞ ሁሉ ብርቅ አይደለም። ለታወቀ ዘፈን የተላከው ፕሮሞ ብዛቱ የሚናቅ ስላልነበረ፣ «ፕሮሞ» የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ ሊያስጨምር አይገባም። የሽፋኑ ጠርዝ ተቆርጦ ወይም ተበስቶ ካዩት ደግሞ ሳይሸጥ ቀርቶ በቅናሽ የወጣ ዕቃ መሆኑን ያሳያል እንጂ ሸክላው ላይ ጉዳት አያመጣም።

ነጭ ሌብል ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው የሙከራ ሕትመት ነው፤ ፋብሪካው ድምፁ እንዲፈተሽ ጥቂት ብቻ ያትማል፣ ጽሑፉም በእጅ ወይም በማኅተም ነው። ሁለተኛው ፕሮሞ ነው። ሦስተኛው ያለ ፈቃድ የታተመ ነው። ሦስተኛውን የሚያጋልጡት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ የተለያዩ አሳታሚዎች ዘፈኖች በአንድ ሸክላ ላይ ተደባልቀው መገኘታቸው፣ የሌብሉ ሥዕል ፎቶ ኮፒ እንደተደረገ መደብዘዙ፣ ቀለበቱ ላይ የቆራጭ ስም አለመኖሩ፣ ድምፁም ከላይ በኩል ታፍኖ ጸናጽሉ እንደ ብርድ ልብስ ስር መሰማቱ። ያለ ፈቃድ የተሠሩ ሪሚክሶች ውስጥ ድንቅ ሥራዎች አሉ፤ ዲጄዎች ለዓመታት ያጫወቷቸው። ማወቅ ያለብዎ የሚገዙት የትኛውን እንደሆነ ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሁን።

የአንድን ሕትመት ዝርዝር ለማጣራት ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው ዲስኮግስ የተባለው ማውጫ ዋነኛው መሣሪያ ነው። እጅግ ብዙ ሕትመት በየአገሩ፣ በየዓመቱ፣ በቀለበቱ ጽሑፍ ጭምር ተመዝግቧል። የዋጋውን ነገር በተመለከተ ሻጮች የሚጠይቁትን ትተው ቀደም ሲል የተሸጠበትን ታሪክ ይመልከቱ፤ ዝቅተኛው፣ መካከለኛውና ከፍተኛው ተለይቶ ይታያል። መካከለኛው ላይ ይመሥረቱ፤ ከፍተኛው ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ ሸክላ ነው።

የዲጄ ሸክላ የት ይጎዳል?

የአልበም ሸክላ ባለቤቱ ቤት ተቀምጦ ያረጃል፤ ባለ 12 ኢንቹ ግን ሥራ ላይ ኖሯል። ሌብሉን ልብ ብለው ይዩ፦ በስክሪፕቶ የተጻፈ «92» ካለ የዘፈኑ ምት በደቂቃ 92 መሆኑን ዲጄው መዝግቦታል። ከወረቀቱ ጠርዝ ወደ መሃል የተለጠፈች ቀጭን ፕላስተር ካለች፣ ከበሮው የሚጀምርበትን ቦታ በዓይን ለማግኘት የተደረገች ምልክት ናት። ስም ወይም ፊደል ተጽፎ ካዩ በድግስ ላይ ከሌላ ሰው ሸክላ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። እነዚህ ለጆሮ ጉዳት የላቸውም፤ ግን ወዴት መመልከት እንዳለብዎ ይነግሩዎታል።

ዲጄ ዘፈኑን ለማስገባት ሲያዘጋጅ መርፌውን የመጀመሪያው ምት ላይ አስቀምጦ ሸክላውን በእጁ ወደ ኋላና ወደ ፊት ያመላልሰዋል። መርፌው ላይ ከ3 እስከ 5 ግራም ጭኖ ይህን ሲያደርግ ያቺ ትንሽ ቦታ ትፋቃለች። ሲጫወት የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰከንዶች «ሽሽሽ» ይላሉ፤ ከዚያ ድምፁ በድንገት ይጠራል። በዓይን አይታይም፤ አንጸባራቂ፣ ንጹሕ የሚመስል ሸክላ ይህ ጉዳት ሊኖርበት ይችላል። የት እንደሚከሰት ግን ይታወቃል፦ ሪሚክሱ በሚጀምርበትና ኢንስትሩሜንታሉ በሚጀምርበት ቦታ። አካፔላው ብዙ ጊዜ ያልተነካ ሆኖ ይገኛል። ከሻጭ ጋር ሲነጋገሩ «የእያንዳንዱን ዘፈን የመጀመሪያ አምስት ሰከንድ ቀርጸው ይላኩልኝ» ማለት መቶ ፎቶ ከመጠየቅ ይሻላል።

ጭረት ሲመለከቱ ሸክላውን በጠርዙ ይዘው አንድ ጠንካራ አምፖል ስር ዘንበል ያድርጉት። የጣሪያ ነጭ መብራት ብዙ ነገር ይደብቃል። ጥፍር የማይዘው ቀጭን ጭረት አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም። ጥፍር የሚይዘው ቦዮቹን አቋርጦ ከሄደ በየዙሩ አንድ «ቀጭ» ይሰጣል፤ በ33⅓ በየ1.8 ሰከንዱ፣ በ45 በየ1.3 ሰከንዱ ገደማ። በ33⅓ ስሌት አራት ደቂቃ ዘፈን 133 ዙር ነው፤ አስር ቦይ ያቋረጠ ጭረት 18 ሰከንድ ያህል ይሰማል ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ቦዩን ተከትሎ በጎን የሚሄደው ጭረት ነው፤ መርፌውን ከመንገዱ አውጥቶ ያዘልላል ወይም አንድ ቃል እያስደጋገመ ያቆመዋል።

ሁለት ነገሮች ይረሳሉ። አንዱ ጠርዙ የተጣመመ ሸክላ ነው፤ በአልበም ላይ የሚጎዳው የመጀመሪያው ዘፈን ሲሆን፣ በነጠላ ሸክላ ላይ ጠርዝ ላይ ያለው ግን የፈለጉት ሪሚክስ ራሱ ነው። ሌላው መሃሉ ያለ ቦታው የተበሳ ሸክላ ነው፤ ሲዞር ክንዱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ የተጎተተ ፒያኖ ወይም ጡሩምባ ካለበት ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ይሰማል። ይህ ከፋብሪካ የመጣ ስለሆነ በማጠብም በመርፌ በመቀየርም አይድንም።

በብዙ ሻጮች ዘንድ የሚሠራበት የደረጃ አጠራር ይህ ነው፦ «ሚንት» ያልተነካ፣ «ኒር ሚንት» አዲስ የሚመስል፣ «ቪጂ ፕላስ» ጥቂት የማይሰማ ምልክት ያለው፣ «ቪጂ» ጫጫታው የሚሰማ ግን ሙዚቃውን የማይሸፍን። «ጉድ» የሚለው ቃል አያታልልዎ፤ በሸክላ ቋንቋ «ጥሩ» ማለት በጣም ያረጀ ማለት ነው። ለሂፕ ሆፕ ነጠላ ሸክላ በድምፅ የተፈተሸ «ቪጂ ፕላስ» ይበቃል።

አስተጣጠብ

ከገበያ የመጣ ሸክላ ሳይታጠብ መርፌ አይንካው። አቧራው በመርፌው ጫፍ ተጨፍልቆ ግድግዳውን ይፍቃል። ለአንድ ሊትር 800 ሚሊ ሊትር የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ፣ 200 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ሽታና ቀለም የሌለው የዕቃ ሳሙና ሁለት ጠብታ ያዋህዱ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ሲደርቅ ማዕድኑ ቦዩ ውስጥ ይቀራል፣ ያም ራሱ ጫጫታ ነው። ለመኪና ባትሪ የሚሸጥ የተጣራ ውሃ ይሠራል፣ ነገር ግን አሲድ ከተቀላቀለበት የባትሪ ፈሳሽ ጋር እንዳይምታታብዎ ጽሑፉን በደንብ ያንብቡ። የፋርማሲ አልኮል ሽቶ፣ ቅባት ወይም ቀለም ከተጨመረበት አይጠቀሙ።

ሸክላውን በንጹሕ ፎጣ ላይ ያስተኙ፤ ፈሳሹን ከሌብሉ አንድ ጣት ርቀው ያርከፍክፉ። በለስላሳ ብሩሽ የቦዩን አቅጣጫ ተከትለው ሦስት አራት ዙር ያድርጉ፤ ከመሃል ወደ ጠርዝ በፍጹም አይጥረጉ። ሳሙናው እንዲወጣ ንጹሕ የተጣራ ውሃ ብቻ ያለበት ሁለተኛ ዙር የግድ ነው። በማይክሮፋይበር ጨርቅ ጠረግ አድርገው ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ ይድረቅ። አሮጌው የወረቀት ኪስ ውስጥ መልሰው ካስገቡት ግን ድካምዎ ከንቱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቤት ውስጥ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ የድሮ ተሰባሪ ሸክላዎች ካሉ በዚህ ፈሳሽ አያጥቧቸው። እነሱ የተሠሩት ከሼላክ ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል። የሂፕ ሆፕ ሸክላዎች ፕላስቲክ ናቸው።

ማጫወቻው

መርፌው ክብ ጫፍ ያለው ወይም ሞላላ ጫፍ ያለው ይሆናል። ሞላላው ቀጭኑን ድምፅ አጥርቶ ያወጣል፤ ክቡ ደግሞ ለዲጄ ሥራ የሚመረጥና አያያዝን የሚታገሥ ነው። በመርፌው ላይ የሚጫነው ክብደት አምራቹ በጻፈው ልክ ይሁን፤ ለቤት ማዳመጫ ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው። ሸክላ ይጎዳል ብሎ ክብደቱን ማቅለል ስህተት ነው፤ ቀሎ የተጫነ መርፌ በከባድ ቤዝ ላይ እየዘለለ ግድግዳውን ይመታል፣ ባለ 12 ኢንቹ ደግሞ ቤዙ የበዛ ነው። ትንሽ ዲጂታል የግራም ሚዛን ይግዙ። ማጫወቻው ወደ ድምፅ ማጉያ ሲገናኝ «ፎኖ» በሚል መግቢያ ካልገባ ድምፁ ቀጭንና ዝቅ ያለ ይሆናል፤ ሸክላ ሲቆረጥ ቤዙ ሆን ተብሎ ስለሚቀነስ መልሶ የሚጨምረው ያ መግቢያ ነው።

ከአሜሪካ ማጫወቻ ወደ አዲስ አበባ ለሚልክ ወይም ይዞ ለሚመጣ ሰው ይህን አጥብቀን እንናገራለን። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፤ ኸርዙን ግን አያስተካክለውም። በቀበቶ የሚዞሩ ብዙ የቆዩ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ስለሆነ፣ በ33⅓ ሊዞር የሚገባው ወደ 28 ይወርዳል፤ ራፐሩ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይናገራል። እንደ ቴክኒክስ ኤስ ኤል 1200 ያሉት፣ ሞተራቸው በቀጥታ የሚያዞርና ፍጥነቱን በክሪስታል የሚቆጣጠር፣ ይህ ችግር የለባቸውም፤ ትክክለኛውን ቮልት ካገኙ ይበቃቸዋል።

አቀማመጥና መላላክ

ቀጥ አድርገው፣ ሳይጋደሙና ሳይጨናነቁ ያቁሟቸው። መቶ ነጠላ ሸክላ ከነሽፋኑ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ቀጭን መደርደሪያ ይጎብጣል። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብና የመኪና ኋላ ሸክላ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጣመምባቸው ቦታዎች ናቸው። መሃሉ የተቆረጠ ካርቶን ውስጥ ያለ ውስጠኛ ኪስ የሚመጡትን ሁሉ ፖሊኤትሊን ኪስ ያልብሷቸው። ለውጪው ሽፋን ፒቪሲ የሆነውን ወፍራም አንጸባራቂ ላስቲክ አይግዙ፤ ከጊዜ በኋላ ከሸክላው ጋር ተያይዞ የማይለቅ ጭጋግ ይተዋል።

ሲያዝዙ ለሻጩ ሁለት ነገር ይንገሩት፦ ሸክላው ከሽፋኑ ወጥቶ በራሱ ኪስ ከሽፋኑ ጀርባ ይቀመጥ፤ በሁለቱም ጎን ካርቶን ይደረግ፣ የአንዱ ካርቶን መስመር ከሌላው ጋር ተሻጋሪ ሆኖ። ሽፋኑ ውስጥ ሆኖ የተላከ ሸክላ በመንገድ ሲንገጫገጭ የሽፋኑን ስፌት ቀዶ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ ላሉ ሰዎች የፖስታ ቤቱ የመጻሕፍትና የሙዚቃ ርካሽ ተመን አለ፤ የሚሠራው ግን በአገር ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ሻጮች ጋር የገዙትን አንድ ዘመድ ቤት አሰባስቦ አንድ ላይ ማምጣት ለየብቻ ከማስላክ ይረክሳል።

ሲደርስዎ የቀለበቱን ጽሑፍ ከታዘዘው ጋር ያመሳክሩ፤ ያጥቡትና ሻጩ የመመለሻ ጊዜ ብሎ የሰጠው ቀን ሳያልፍ ሁለቱንም ፊት ከዳር እስከ ዳር ያዳምጡ። አካፔላውን አይዝለሉት። ከበሮና ቤዝ ብዙ ጫጫታ ይሸፍናሉ፤ አካፔላው ላይ ግን ድምፁ ብቻውን ስለቆመ፣ በቃልና በቃል መካከል ባለው ጸጥታ ውስጥ ሸክላው ያለበት ጉድለት ሁሉ ይሰማል።